መረጃ አቀባይ

ራዊ ልበል ወይስ ሙኽቢር፤ ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ፀሐይ ዘንበል ስትል የስደተኞች መመዝገቢያው ቢሮ ይከፈታል፣ መዝጋቢው ኡስታዝ አብዱልሀኪም ከቀትር እንቅልፉ ተነሥቶ፣ ተጣጥቦ፣ ሰግዶ ይመጣል፣ ወንበሩን ወደ ጥላው ይስብና «እህ፣ ቃሉን አገኘኸው?» ይለኛል። አገኘሁት እለዋለሁ። ችግሩ ሁለት ማግኘቴ ነው። አገሩ በሙሉ ተኝቷል፤ የሱዳኗ ገላባት በዚህ ሰዓት ውሻዋም አይጮህም፤ እኔ ብቻ አንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ እገላበጣለሁ፤ በእኛ በጎንደር አንገረብ ወንዝ ነው፣ ልብሳችንን ያጠብንበት፣ ዋና የተማርንበት፤ እዚህ አልጋ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ጋደም ማለትን እንቅልፍ ካላልነው በቀር ተኝቼበት ግን አላውቅም። ስደት ሲባል ባሕር ማዶ ይመስለኝ ነበር። የኔ ስደት ከአንድ ደረቅ ወንዝ ማዶ ነው፤ ክረምት ውሃ ይወርድበታል፣ በጋ ፍየል ይሻገረዋል። በበሩ በኩል ቀና ብል የመተማን የቆርቆሮ ጣሪያዎች አያለሁ፤ ነፋሱ ካገዘ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲለፈልፍ እሰማለሁ፤ የሌላ አገር ሰው ሆኜ የአገሬን ስብሰባ ተኝቼ እካፈላለሁ። አንዳንዴ ያስቀኛል። ዛሬ ግን አያስቀኝም፤ ዛሬ አዱኛ ተሻግሮ መጥቷል።

ጧት እንደ ወትሮው ስደተኞቹ ከቢሮው በር ላይ ተሰልፈዋል። የኔ ሥራ የሚናገሩትን ወደ ዐረብኛ መመለስ ነው፤ እነሱ በእግራቸው ይሻገራሉ፣ ቃላቸውን እኔ አሻግረዋለሁ፤ ዐረብኛዬ የሚያኮራ ሆኖ አይደለም፣ የሚሻል ሰው ስለጠፋ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የመጣ ሰው የሚያውቀውን ሰው ይጠራል፤ ያ ሰው አውቀዋለሁ ካለ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ወረቀት ያለው ራሽን አለው፣ ድንኳን አለው፣ ሲታመም ሐኪም ያየዋል። ወዲያ ማዶ የመንግሥት ጆሮ ነበር ከተባለ ደግሞ ከጀርባ ባለው ክፍል ለሚቀመጡት ሰዎች ይሰጣል፣ እነሱም በላንድሮቨር ጭነው ወደ ገዳሪፍ ይወስዱታል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አይሰማም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቀና ስል አዱኛ ነው፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ሸሚዙ ያው ሸሚዝ ነው። «አዛናው! ወንድም ዓለም!» ብሎ ሰልፉን ጥሶ ተጠመጠመብኝ፣ አገላብጦ ሳመኝ፣ አለቀሰ። እኔም ሳምሁት መሰለኝ። ኡስታዝ አብዱልሀኪም በርጋታ ጠበቀን፤ ለቅሶ አይቶ የሚቸኩል ሰው አይደለም። ከዚያ ጠየቀው። ስም፣ ነገረው። አገር፣ ሸሕዲ። ማን ያውቅሃል፣ አለው፣ እኔም ተረጎምሁ፣ አዱኛ በአገጩ ወደኔ ጠቆመና ደረቱን ነፋ አድርጎ «ይኸው አዛናው ነዋ። የሱ መረጃ አቀባይ ነበርሁ» አለ።

ይህንን ቃል ምን ብዬ ነው ወደ ዐረብኛ የማገባው? ራዊ ብለው ግጥም ተሸክሞ ከሰው ወደ ሰው የሚያደርስ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ክብር ነው፤ ኡስታዝ አብዱልሀኪም ራሱ አያቴ ራዊ ነበሩ እያለ ይኮራል። ሙኽቢር ብለው ደግሞ ለፖሊስ ወሬ የሚያቀብል ነው፣ ላንድሮቨሩ ውስጥ ነው። በአማርኛ አንድ ቃል ነው። «ምን ይላል?» አለኝ። «ቃሉ ሁለት መንገድ አለው ኡስታዝ፤ እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ» አልሁት። ቃል ይወዳልና አልተቆጣም፤ «እንግዲያው ከቀትር በኋላ አንዱን ይዘህልኝ ና» ብሎ ተነሣ። አዱኛ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ቀርቷል፣ አሁንም እዚያው ነው፣ እርግጠኛ ሆኖ ይጠብቀኛል። የሆነውን የማውቅ አይመስለውም።

መረጃ አቀባይ። ይህን ቃል ወደ ቆላ ያወረድሁት እኔ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከድኅረ ምረቃው ክፍል፣ ከአማካሪዬ ከዶክተር ገብረማርያም አፍ። የምርምር ዘዴ ሲያስተምሩን ጠመኔ አይነኩም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በመስኮቱ እያዩ ነው የሚናገሩት። ሥነ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ያለ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፣ ቃል ግጥም ሜዳ ላይ ነው፣ ሂዱና ስሙት ይላሉ። ማን አለው፣ የት አለው፣ ምን እየሠራ አለው፣ ማን ተቀበለው፣ ሁሉም ይጻፍ። ያልሰማችሁትን አትሙሉ፤ ቴፑ ላይ የማይሰማ ቃል ካለ ቦታውን ክፍት ተዉት። ጠይቃችሁት ዝም ካለ፣ ዝም አለ ብላችሁ ጻፉ፣ ዝምታም መረጃ ነው። ጥያቄያችሁ ውስጥ መልሱን አታስቀምጡ። አንድን ግጥም ሁለት ሰዎች ለየብቻ ካሉት ሁለቱንም ጻፉ፣ የጣማችሁን መርጣችሁ ሌላውን አትቅበሩ። አንድ ሰው ብቻ የነገራችሁን ሌላ ሰው እስኪያጸናው አትመኑ። ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዲግሪው ቀርቶ ዘዴው ነው የቀረልኝ፤ እዚህ የገመድ አልጋ ላይ ሆኜ ምንጭ አመሳክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልነገሩንም፤ መረጃ አቀባይህ አንድ ፍራሽ ላይ አብሮህ ያደገ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አልነገሩንም።

አብረን ነው ያደግን። ከሸሕዲ ለትምህርት ጎንደር ሲመጣ እናቴ ናት ያስጠጋችው፤ ከጓዳችን አንድ ፍራሽ ላይ እየተገፋፋን ስንተኛ እሱ ግድግዳ ይይዛል፣ እኔ እወድቃለሁ፣ እናቴ መጥታ እኔን ነው የምትቆጣኝ። አድጎ አገሩ ተመለሰና በመንግሥት እርሻ የሠራተኛ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በሰሊጥ አጫጆች ዘፈን ላይ ልሠራ በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ቴፔን ተሸክሜ ሸሕዲ ስወርድ አውቶቡሱ ደጃፍ ቆሞ የጠበቀኝ እሱ ነው፣ ቴፑን ከእጄ የተቀበለኝ እሱ ነው፣ ወደ እርሻው በትራክተር ተሳቢ ላይ ጭኖ የወሰደኝ እሱ ነው። ሙቀቱ ያን ቀን እንዴት ነበር፤ አፍንጫዬ ነሰረኝ፤ «ደገኛ! ገና በመጀመሪያው ቀን ደም ገበርህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው ሲሰበሰቡ እኔ ሞኙ፣ እንደ ተማርሁት፣ ዓላማዬን በግልጽ ላስረዳ ተነሣሁና «ከዛሬ ጀምሮ እናንተ መረጃ አቀባዮቼ ናችሁ» አልኋቸው። አንዱ ማጭዱን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ሌላው ኮፍያውን አወለቀ። ኋላ ማሩ መሆኑን ያወቅሁት ረጅም የጎጃም ሰው «ኧረ ጌታው፣ እኛ ለአጨዳ ነው የመጣነ፤ የማንንም ወሬ አናውቅ» አለኝ። ያኔ ነው አዱኛ ሆዱን ይዞ የሳቀው። «አትደንግጡ! ዘፈን አቀብሉት ነው የሚላችሁ። እናንተ ታወርዳላችሁ፣ እሱ ይቀበላል። ቀበሌም አይደል፣ ካድሬም አይደል፤ የዘፈን ለማኝ ነው» አላቸው። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስሜ የዘፈን ለማኙ ሆኖ ቀረ፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ ቃሉን አዱኛ ያውቀዋል፣ ሁለቱንም መንገድ ያውቀዋል፣ ያን ቀን ለነሱ የፈታላቸው እሱ ነው። ዛሬ ጧት ያን ሲል ግን በየትኛው መንገድ ነው ያለው?

ማሩ አውራጅ ነበር። መስመር ይዘው ሲያጭዱ እሱ ከፊት ሆኖ ያወርዳል፣ የቀሩት ሆ ብለው ይቀበላሉ፣ ወገባቸው እኩል ይጎነበሳል፣ ማጭዱ እኩል ይስባል። አውራጅ አውርዶ ካልተቀበሉት ትልቅ ነውር ነው፤ ከስድብ ይከፋል፤ እንዲህ የተደረገበት ሰው መስመሩን ጥሎ ሲወጣ በዐይኔ አይቻለሁ። ማሩን ሳይቀበሉ የሚቀሩ አልነበሩም። ሰሊጡ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው አፉን ከከፈተ መሬት ላይ ይፈሳልና ቶሎ አጭዶ፣ አስሮ፣ ሂላ በሚሉት ክምር ማቆም ነው፤ ሰሊጡ ሲያልቅ ማሽላው ይደርሳል፣ ወደሱ መግባት ነው። ማሽላ እኔና ማሩ እንላለን፤ የመተማና የሸሕዲ ሰው ግን ዱራ ነው የሚለው፣ ከሱዳን በገበያ የተሻገረ ቃል ነው፣ እናት ልጇን ዱራ አምጣ ብላ ነው የምትልከው። ማሩ ይህችን ቃል በዚያ መከር ነው የተማራት፤ ወደዳት፤ አንድ ቀን ትራክተሩ ጠፍቶ፣ አገሩ ዝም ብሎ፣ ቴፔ እየዞረ ሳለ አወረዳት፤

እናቴ አትጠብቂኝ አላለቀም ሥራ፣
ሰሊጡን ጨርሰን እንገባለን ዱራ።

ሆ አሉ፣ ሳቁ፣ የቆላ ቃል በጎጃም ዜማ ስትገባ አስደሰተቻቸው፤ አዱኛም ከኔ ጎን ቆሞ «አሁን የኛ ሰው ሆነ!» ብሎ አጨበጨበ። አጨበጨበ ብዬ ጽፌአለሁ። ከገጹ ግርጌ «ዱራ፦ ማሽላ፤ ከዐረብኛ የመጣ» የሚል ማስታወሻ አደረግሁ። እንዲህ ያለች ተራ ግርጌ ማስታወሻ። ደገኛ እናቱን አትጠብቂኝ፣ ገና ማሽላው አለብኝ ይላታል፣ ሌላ ምንም የለውም፣ ሰሙም ወርቁም ይኸው ነው። ምዕራፉን በሷ ልከፍት አስቤ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ጧት አዱኛ በሂላዎቹ መካከል ጎንበስ እያለ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዕቃህን ተወው፣ ቴፑንም ተወው። ይፈልጉሃል፣ ዛሬውኑ ተሻገር» ይለኛል። ምን አድርጌ፣ እለዋለሁ። «አሁን የሚጠየቅበት ጊዜ አይደለም፤ የመረጃ አቀባዮች አለቃ ብለውሃል።» ማሩስ፣ ሌሎቹስ? «እነሱን ምን ያደርጓቸዋል፣ አጫጅ እኮ ናቸው። የሚፈለግ አንተ ነህ።» የራሱን የውሃ ኮዳ ከትከሻው አውልቆ በትከሻዬ አንጠለጠለልኝ። መንገዱን እስከ ግራሮቹ ድረስ ሸኘኝ፣ ሳመኝ፣ ተመለሰ። ሄድሁ። መተማ ደረስሁ፣ ደረቁን ወንዝ ከፍየሎች ጋር ተሻገርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጸልይ ከእናቴ ቀጥሎ የማነሣው ስም የአዱኛ ነበር፤ ነፍሴን ያወጣ ወንድሜ እያልሁ፣ ኮዳውን ከራስጌ ሰቅዬ፣ ይኸው አሁንም ከዚያ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። ለእናቴ ደህና ነኝ ልላት ገዳሪፍ ድረስ ሄጄ ስልክ ደውዬ ነበር፤ ሲቆራረጥ፣ በካርቱም ሲዞር ውሎ ጎረቤታችን ቤት ደረሰ፣ ጠሯት፣ መጣች። «እማ» አልኋት። ለማታውቀው ሰው በሚነገርበት ድምፅ «ተሳስተዋል ጌታዬ፣ እንዲህ የሚባል ልጅ የለኝም» አለችኝ። ግን ስልኩን አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ እኔም ዝም፣ እሷም ዝም፣ መስመሩ እስኪቆረጥ። አጠገቧ ሰው ቆሞ ነበር ማለት ነው። የሷን ክህደት እንዲህ አድርጌ ፈታሁት፤ የሷ ቀሎኛል፤ ትንፋሽ ነበረውና።

የአዱኛን የነገረችኝ ባየሽ ናት። ባየሽ በእርሻው ለአጫጆቹ ወጥ ትሠራ የነበረች፣ እኔን አፍንጫዬ ሲነስር ራሴ ላይ ውሃ ያፈሰሰችልኝ ሴት ናት፤ ባለፈው ዓመት ተሻግራ እዚህ መጣች፣ ስሟን ያስመዘገብሁላት እኔ ነኝ። ስለ አዱኛ ደግነት ሳወራላት ትክ ብላ አየችኝና «አንተ ሰው፣ ምንም አልሰማህም ማለት ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አንተ የቀዳኸውን በየምሽቱ ለካድሬው ሲያደርስ የነበረው ማን ሆነና። አንተ በሄድህ ማግሥት ሰበሰቡን። ካድሬው ወረቀት አወጣና አነበበ፤ ‹እናቴ አትጠብቂኝ፣ እንገባለን ዱር› ይላል አለ። ሽፍትነት ልትገቡ ነው አለ። ማሩ ተነሣ፤ ‹ኧረ ጌታዬ ዱራ ነው ያልሁ፣ ማሽላውን ነው፣ ሰሊጥ ሲያልቅ የምንገባበትን ነው› አለ። ካድሬው ከመሀል አገር የመጣ ነው፣ ዱራ ሰምቶ አያውቅ። ወደ አዱኛ ዞረና ‹አንተ የዚህ አገር ተወላጅ ነህ፤ እዚህ አገር ዱራ የሚባል ቃል አለ?› አለው።»

ዝም አለች። ዝም አለች ብዬ ያዝሁት።

«አዱኛስ?»

«‹የለም› አለ።»

የለም። ባየሽ እንደምትለው ስብሰባው የተደረገው ማሳው ዳር ነው፤ ከአዱኛ ጀርባ ዱራው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ቆሟል፣ ራሱን አጎንብሶ፣ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። የለም አለ። ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው «ዘፈኑ ንጹሕ ቢሆን የቀዳው ሰው ለምን ሸሸ?» አለ ትላለች። ሂድ ያለኝ እሱ፣ ኮዳ ያንጠለጠለልኝ እሱ፣ እስከ ግራሮቹ የሸኘኝ እሱ፤ የኔን እግር ለሱ ምስክር አደረገው። ማሩን በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ከሰሊጡ ጆንያ ጋር ጫኑት፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። እናቱ ጎጃም ሆና ትጠብቃለች። አትጠብቂኝ ብሏት ነበር፣ ግን ያንን ያለው ለሷ አልደረሳት።

እንግዲህ ይህ አንድ ምንጭ ነው። አንድ። ይህን ለራሴ ስል ዓመት ሞላኝ። ባየሽ ለማሩ ታደላለች፣ ወጡን ስታወጣ ሥጋውን ለሱ ነበር የምታወጣው፣ ይህም ይጻፍ። ከኋላ ቆማ ነበር፣ ሰው ብዙ ነው፣ አለ ያለውን የለም ብላ ሰምታ ይሆናል። ወይም አዱኛ ከመጀመሪያውም ዱር ብሎ ሰምቶ ይሆናል፤ ማሩ ያችን ግጥም ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ትራክተር እየጮኸ አውርዷታል፤ ጆሮ ያሳስታል፤ ቴፕ ሦስቴ አዳምጬ የተሳሳትሁበት ቃል አለ። አላጨበጨበም ነበር ወይ፣ እላለሁ። አጨበጨበ፣ ግን ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አብሮ ይሆናል። ቤቱስ? ሥራ ብሎ ዱር አይመታም፤ ማሩን የመሰለ አውራጅ ቤት የማይመታ ግጥም አያወርድም፣ ሰነፍ የቆሎ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል፤ ግጥሙ ራሱ ለማሩ ይመሰክርለት ነበር፣ ከዚያ ስብሰባ ግን የሚጠይቀው አልተገኘም። እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር። አልነበርሁም። ተልኬ ሄጄ ነበር። ይህን ሁሉ የምከራከረው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አዱኛ አውቆ ካደረገው ፍራሹም፣ ጓዳውም፣ እናቴ እኔን ተቆጥታ እሱን ያጎረሰችውም ሁሉ ከሥር ይነቀላል፣ የልጅነቴን ግማሽ ከማን ጋር እንደ ኖርሁት አላውቅም ማለት ነው። መሳሳቱን እፈልጋለሁ። እንደ ራብ ነው የምፈልገው። ተቃጥያለሁ፣ ተከድቻለሁ፣ ግን ከከዳኝ ሰው ይልቅ የተሳሳተ ወንድም ይሻለኛል። ሙኽቢር ብለው ማን ይፈርድብኛል? ትክክለኛ ትርጉም ነው፣ ኡስታዝም ያመሰግነኛል፣ ላንድሮቨሩም ቤንዚን አለው። ከዚያ እኔስ ምንድን ነኝ? በአንድ ቃል ሰው አስጭኛለሁ፣ ሰሊጥ ጆንያው ብቻ ነው የሚጎድለው። ጥላው ከበሩ አልፏል። ሙአዚኑ ጠራ። ተነሣሁ፣ ከኮዳው ውሃ ፊቴን ታጠብሁ፣ ወጣሁ።

አዱኛ ግድግዳው ሥር ነው። ሲያየኝ ብድግ አለ። ኡስታዝ እስኪመጣ አጠገቡ ቆምሁ፤ ጥያቄህ ውስጥ መልሱን አታስቀምጥ ያሉኝን አስታወስሁ፤ ድምፄን እንደ መስክ ሥራ አለስልሼ «ያች የማሩ ግጥም ትዝ ትልሃለች? እናቱን አትጠብቂኝ ያላት? መጨረሻዋን ምን ሲል ነው የሰማኸው?» አልሁት።

ዐይኑ ትንሽ ሸሸና ተመለሰ። «ዱር ሲል ነዋ» አለኝ። «ምን ላድርግ ወንድም ዓለም፣ በዚህ ጆሮዬ ዱር ሲል ነው የሰማሁ። ትራክተሩ ይጮሃል። ሲጠይቁኝ የሰማሁትን ነገርሁ። ኋላ ነው አንዳንዱ ሌላ ነገር ነው ያለ ሲል የሰማሁ። ለሱ ስንት ቀን አለቀስሁ መሰለህ።» እኔም ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ ይህን ቃል ነበር ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት፤ ተሳስቶ ነው። በስሕተት ሰምቶ ነው። ባየሽ ከኋላ ቆማ ነበር። ትከሻውን ያዝ አደረግሁት፣ አጥንቱ እጄ ላይ ቀረ። ወንድሜ ነው አልሁ በልቤ፣ ደነቆረ እንጂ አልከዳኝም።

ኡስታዝ አብዱልሀኪም መጣ፣ ወንበሩን ወደ ጥላው ሳበ። «እህ፣ ቃሉን አገኘኸው?»

«አገኘሁት ኡስታዝ» አልሁት። «ራዊ ነው። ግጥም ከአጫጆቹ ተቀብሎ ለኔ ያደርስ ነበር።»

ፊቱ በራ። «ወላሂ?» አለና ወረቀቱን ስቦ ማኅተሙን አሳረፈበት፣ እፍ ብሎ ቀለሙን አደረቀው፣ ለአዱኛ ሰጠው። ከዚያ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ ወደ ኋላ ተደገፈ፤ «ራዊ ከሆነ ሳያሰማን አይሄድም፤ አንድ ይበልልን» አለኝ። ተረጎምሁለት። አዱኛ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፤ ጥቂት አሰበ፤ ኡስታዝን ከጥምጣሙ እስከ ጫማው አየው፣ ምን እንደሚወድ እንደሚመዝን ሰው ነው ያየው፤ ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ እናቴንም ቁራሽ ሲፈልግ እንዲህ ነበር የሚያያት። ፈገግ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። በማሩ ዜማ፣ በማሩ አፍ፣ የጎጃሙን አጣጣል እንኳ ሳያዛንፍ አወረደ፤

እናቴ አትጠብቂኝ አላለቀም ሥራ፣
ሰሊጡን ጨርሰን እንገባለን ዱራ።

«ዱራ!» አለ ኡስታዝ አብዱልሀኪም፣ እንደ ልጅ እያጨበጨበ። «ይህችስ ተርጓሚ አያስፈልጋትም!»

«አዎ፣ ዱራ፣ ዱራ» አለ አዱኛ፣ በደስታ ራሱን እየነቀነቀ። ለዚያኛው እንዲጥም ራን ር አደረጋት፣ ለዚህኛው እንዲጥም ርን መልሶ ራ አደረጋት። ከመጀመሪያውም ሰምቷት ነበር። ጥርት አድርጎ፣ ከነዜማዋ፣ ከነቤቷ ሰምቷት ነበር። ኡስታዝ ይድገመው አለ፤ አዱኛም መዳፉን እንደ አውራጅ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ደግሞ አወረደ፣ ዱራ ላይ ድምፁን አንሥቶ ያዘ፣ ከዚያም እንደ ወጉ ሆ ብዬ እንድቀበለው ዐይን ዐይኔን እያየ ጠበቀኝ።

አልተቀበልሁትም።